‘ጄሰን ጃክ’ ቢባል ማን ይመርጠው ነበር?

ጃንዋሪ 9 ቀን 2025፣ ዋሽንግተን፣ ብሔራዊ ካቴድራል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) አምስት ፕሬዝዳንቶች አንድ አካባቢ ተቀምጠዋል፤ ባይደን፣ ትራምፕ፣ ኦባማ፣ ቡሽና ክሊንተን። ባንዲራ የለበሰው የጂሚ ካርተር ሳጥን ፊታቸው ነው። የልጅ ልጃቸው ጄሰን ካርተር ለመናገር ተነሳ። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ስለ ካምፕ ዴቪድ፣ ስለ ኖቤል ሽልማት ያወራል ብለን ነው የምንጠብቀው። እሱ ግን ስለ ላስቲክ አወራ።

አያቶቹ ፕሌንስ በምትባል የጆርጂያ ትንሽ ከተማ፣ በ1961 በተሠራ ተራ ቤት ውስጥ ነው የኖሩት። ማድ ቤታቸው ውስጥ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ጎን፣ ትንሽ መስቀያ አለች። እዚያ ላይ ያገለገሉ የምግብ ላስቲኮች ታጥበው ይሰቀላሉ። ደርቀው ድጋሚ እንዲያገለግሉ ነው። ፌስታል አጥባ ገመድ ላይ የምታሰጣ እናት ያለን ሰዎች በላስቲኩ አልተገረምንም። የገረመን የማን ማድ ቤት እንደሆነ ነው።

ስለ ስልኩም ነገረን። ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለገመድ ስልክ ነበራቸው፤ የሙዚየም ዕቃ ይመስላል አለ። ቆይተው አያቱ ሞባይል ያዙ። አንድ ቀን የጄሰን ስልክ ጠራ፤ አነሳ። አያቱ ማን ነህ አሉት። ጄሰን ነኝ አለ። ምን እየሠራህ ነው አሉት። ምንም፣ የደወሉልኝ እኮ እርስዎ ነዎት ቢላቸው፣ “እኔ መቼ ደወልኩ፤ ፎቶ እያነሳሁ ነው እንጂ!” ብለው እርፍ። ካቴድራሉ በሳቅ ተሞላ።

ያን ቀን ቴሌቪዥን ያየ ሰው “ይሄ ልጅ ለምን አይወዳደርም?” ሳይል አልቀረም። ተወዳድሯል እኮ። አራት ዓመት ከምናምን የጆርጂያ ስቴት ሴናተር ነበር። ከዚያ በ2014 ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ለምንም ሥልጣን አልተወዳደረም። የአሜሪካ የፖለቲካ ቤተሰብ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚነክስ ለማየት ከዚህ ሰው የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በዚያ ላይ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጋምቤላና ጎጃም ይደርሳል። ቆዩኝ።

መጀመሪያ ስሙን እንመልከት። በእኛ አጠራር ቢሆን ይሄ ሰው ጄሰን ካርተር አይባልም። አባቱ ጃክ ነው፤ ስለዚህ ጄሰን ጃክ ነው። ፕሬዝዳንቱም ጂሚ ካርተር ሳይሆኑ ጂሚ ኧርል ናቸው፤ አባታቸው ኧርል ነበሩና። በምርጫ ወረቀት ላይ ‘ጄሰን ጃክ’ የሚል ስም ያየ፣ አትላንታ አጠገብ ያለችው የዲኬተር ነዋሪ “ማነው ደግሞ ይሄ?” ብሎ ያልፈዋል። የእኛ ስም በየትውልዱ ይታጠባል። አያትህ ደጃዝማች ይሁኑ ወፍጮ ቤት ጠባቂ፣ “የማን ልጅ ነህ?” ብሎ ዘር ያስቆጠረህ ሰው ብቻ ነው የሚደርስበት። ፈረንጁ ግን ሳይጠየቅ ግንባሩ ላይ ለጥፎት ይሄዳል።

ይሄ ቀልድ አይደለም። ለፕሬዝዳንትነት የሚወዳደር ሰው መራጩ ዘንድ በየቀኑ በዜና ይደርሳል። ለስቴት ምክር ቤት የሚወዳደረውን ግን መራጩ ጭራሽ አያውቀውም። ብዙ ሰው የራሱ የስቴት ሴናተር ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ይንተባተባል። ስለዚህ እጩው የመጀመሪያውን ብርና የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚጨርሰው ስሙን በማስተዋወቅ ነው። ስሙ ካርተር፣ ኬኔዲ ወይም እንደ ቺካጎዎቹ ከንቲባዎች ዴሊ የሆነ ሰው ይሄን ወጪ ቅድመ አያቱ ከፍለውለታል። በዚያ ላይ ገንዘብ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ስልክ ሲደውል ይነሳለታል። ቲፎዞው ሳይጠራ ይመጣል።

የካርተሮች ስም ደግሞ ከዋይት ሀውስ ብቻ የመጣ አይደለም። ጆርጂያ ምክር ቤት ውስጥ ይህ ቤተሰብ ወንበር ሲያሞቅ ቆይቷል። ኧርል ካርተር የኦቾሎኒ ገበሬና ነጋዴ ነበሩ። በ1952 ለጆርጂያ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ1953 ክረምት ላይ በካንሰር ሞቱ። የመጀመሪያ ዓመታቸውን እንኳ አልጨረሱም። የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩት ልጃቸው ሥራቸውን ለቀው የቤተሰቡን እርሻ ለመያዝ ወደ ፕሌንስ የተመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። ኧርል በጊዜው እንደነበረው አብዛኛው የደቡብ ነጭ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ ይኑር የሚሉ ሰው ነበሩ። ይህን የምለው የቤተሰብ ውርስ ሲባል ጥሩ ጥሩው ብቻ እንዳይመስለን ነው።

አሁን ወደ 1962 እንሂድ። ይህችን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም።

ኦክቶበር 1፣ ሰኞ ጠዋት። ጂሚ ካርተር 38 ዓመት የሞላቸው በዚያ ቀን ነው። ከእንቅልፋቸው ተነስተው የሥራ ልብሳቸውን ትተው የእሁድ ሱሪያቸውን መልበስ ጀመሩ። ባለቤታቸው ሮዛሊን ገርሟቸው ቀብር አለ እንዴ ብለው ጠየቁ። የለም፤ አሜሪከስ ከተማ ሄጄ ለስቴት ሴኔት ልመዘገብ ነው አሏቸው። አላማከሯቸውም። በኋላ ዘመን ካርተር ይህን ሲያስታውሱ ለራሳቸውም ይገርማቸው ነበር። እኚህ ሴት ቀስ በቀስ ባላቸውን ዋይት ሀውስ ድረስ የሚያደርሱ ዋና ፖለቲከኛ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ምርጫው ደረሰ። ጆርጅታውን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ጆ ኸርስት የሚባል የአካባቢው ጉልቤ ነበር። ያለ እሱ ፈቃድ ቅጠል አይነቃነቅም። ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ቆሞ፣ ሰው ድምፁን ሲሰጥ እያየ፣ ማንን እንደሚመርጥ ይነግር ነበር። መጋረጃ የለ፣ ምስጢር የለ። 333 ሰው ድምፅ ሰጠ። ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው ወረቀት 420 ነው። የመራጮቹን ዝርዝር ያዩ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጉድ አገኙ። ብዙዎቹ መራጮች በፊደል ተራ ነው የመጡት! እነ አበበ መጀመሪያ፣ እነ በላይ ቀጥለው፣ ሳይጋፉ ተሰልፈው። የሞቱ ሰዎች መርጠዋል። እስር ቤት ያሉም መርጠዋል።

እኛ ይህን ሙያ ‘ኮሮጆ ግልበጣ’ ብለን ስም አውጥተንለታል። በ1997ቱ ምርጫ ያለፈ ሰው (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ታሪኩን ሲሰማ ባዕድ አይሆንበትም። ካርተር ግን ዝም አላሉም። ጆን ፔኒንግተን የሚባል የአትላንታ ጋዜጠኛ ጉዳዩን አውጥቶ ጻፈው። ጠበቃ ተያዘ፣ ፍርድ ቤት ተገባ፣ የዚያች ሳጥን ድምፅ ተጣለ። ካርተር በጃንዋሪ 1963 ሴኔት ገቡ። ይህቺ ሳጥን ባትጣል ፕሬዝዳንት ካርተር የሚባል ሰው ላይኖር ይችል ነበር።

ሴኔት ሲገቡ አንድ ቃል ገቡ። ድምፅ የምሰጥበትን ሕግ በሙሉ ሳላነብ አልመርጥም አሉ። ሕጉ ሲበዛባቸው የፈጣን ንባብ ትምህርት ተማሩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ለሥራ ባልደረባ ሸክም ነው፤ እውነቱን እንነጋገር። በ1966 ለአገረ ገዥነት ተወዳድረው ተሸነፉ። ወንበራቸውን ግን ቤተሰቡ አልለቀቀውም። የአጎታቸው ልጅ ሂዩ ካርተር ያዘው። ሂዩ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ትል እያረባ የሚሸጥ ሰው ነው። ቀልዴን አይደለም። ዓመት ከዓመት ትሉንም ሴኔቱንም ይዞ ኖረ። ጂሚ በ1970 ድጋሚ ተወዳድረው አሸነፉ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ፕሬዝዳንት ሆኑ።

የጄሰን እናት ጁዲ ላንግፈርድም ባዶ እጇን አልመጣችም። አባቷ የጆርጂያ ስቴት ሴናተር ነበሩ። ስለዚህ ልጁ በሁለቱም በኩል የምክር ቤት ዘር አለው። አባቱ ጃክ በ2006 ኔቫዳ ላይ ለፌዴራሉ ሴኔት ተወዳድሮ ተሸንፏል። የአጎቱ ልጅ ጄምስ ካርተር ደግሞ በ2012 የሪፐብሊካኑን የፕሬዝዳንት እጩ ሚት ሮምኒን ጉድ የሠራው ያ የ‘47 በመቶ’ ቪዲዮ (47 በመቶው ሕዝብ መንግሥት ላይ ተደግፎ የሚኖር ነው ሲል በድብቅ የተቀረጸበት) እንዲወጣ ያገናኘው ሰው ነው። ቤተሰቡ እንዲህ ነው። እራት ላይ ስለ ኳስ የሚያወሩ አይመስለኝም።

ጄሰን በ1975 ተወለደ። አያቱ ፕሬዝዳንት ሲሆኑ ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ነበር። ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ከዚያ ፒስ ኮር በሚባለው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች አገልግሎት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ስዋዚላንድ ድንበር አጠገብ ገጠር ውስጥ ሁለት ዓመት ኖረ። ዙሉ ለመደ። ፒስ ኮር ለቤተሰቡ እንግዳ አይደለም፤ ቅድመ አያቱ ሊሊያን በ68 ዓመታቸው ሕንድ ሄደው በነርስነት አገልግለዋል። በ60ዎቹ አገራችን ውስጥ ሃይስኩል የተማረ ሰው የፒስ ኮር መምህሩን ስም እስካሁን ይነግራችኋል። እንዲያ ያለ ልጅ ነበር በሉት። ከዚያ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ፣ አትላንታ ውስጥ ጠበቃ ሆነ፣ የመራጮች መታወቂያ ሕግን በመቃወም ፍርድ ቤት ቆመ።

በ2010 የአካባቢው ስቴት ሴናተር ዴቪድ አደልማን በሲንጋፖር የአሜሪካ አምባሳደር ሆኖ ተሾመ። ወንበሩ ባዶ ሆነ። ማሟያ ምርጫ ሜይ ላይ ተጠራ። የፖለቲካ ቤተሰብ ልጅ የሚወደው እንዲህ ዓይነቱን ነው። ጊዜው አጭር ነው፤ ያልታወቀ ሰው ራሱን ለማስተዋወቅ አይበቃውም። መራጩ ትንሽ ነው። ወረዳው ደግሞ ዲኬተርንና የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲን አካባቢ የያዘ፣ ዴሞክራት በብዛት ያለበት ነው። ጄሰን ከድምፁ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ወሰደ። 34 ዓመቱ ነበር። አያቱ ከገቡበት ዕድሜ በአራት ዓመት ያንሳል።

አሁን ‘ስቴት ሴናተር’ ሲባል ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ዋሽንግተን ያለው ሴናተር አይደለም። ጆርጂያ የራሷ ሁለት ምክር ቤት አላት፤ 56 ሴናተርና 180 ተወካይ። ስብሰባው በዓመት 40 የሥራ ቀን ነው። ደሞዙ በጄሰን ጊዜ በዓመት 17 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። አትላንታ ሙሉ ቀን ኡበር የሚነዳ ወገናችን በዚህ ብር የቤት ኪራይ አይዘልቅም። ታዲያ ማን ይሠራዋል? ጠበቃ፣ ጡረተኛ፣ ነጋዴ፣ እና ቤተሰቡ የቆመለት ሰው። ስሙ በሩን ይከፍታል፤ ከገቡ በኋላ የሚያቆየው ደግሞ ኪስ ነው። ከሁለቱ አንዱም ሳይኖረው የሚገባ ሰው ብርቅ ነው። ለምሳሌ በ2020 ኒውዮርክ ሮቸስተር ላይ ለስቴት ሴኔት የተመረጠችው ሳምራ ብሩክ የኢትዮጵያዊ ስደተኛ ልጅ ናት። እሷን የሚያስተዋውቅ አያት አልነበራትም።

ሥራው ግን ኑሯችንን ይነካል። የምርጫ ወረዳ ካርታ የሚስለው የስቴት ምክር ቤት ነው። ሜዲኬይድን፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ የሚያሰፋው ወይም የማያሰፋው እሱ ነው። ጆርጂያ ውስጥ ልጅ ያሳደገ አበሻ ቤት ደግሞ አንድ ቃል ሳይነሳ አይዋልም፤ ‘ሆፕ’።

ሆፕ በ1993 የተጀመረ፣ በሎተሪ ገንዘብ የሚሠራ የትምህርት ድጋፍ ነው። አማካይ ውጤቱ 3.0 የሆነ የጆርጂያ ልጅ የስቴቱ ኮሌጅ ሲገባ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለት ነበር። ለስንቱ ቤተሰብ እፎይታ እንደሆነ የደረሰበት ያውቃል። በ2011 ገንዘቡ አነሰ ተባለ። አገረ ገዥው ኔተን ዲል ሆፕን ቆረጡት። ሙሉ ክፍያ የሚያገኘው 3.7 ያመጣና በመግቢያ ፈተናውም ከፍ ያለ ነጥብ ያለው ተማሪ ብቻ ሆነ። ጥያቄው እዚህ ጋ ነው፤ 3.7 የሚያመጣው ልጅ ማነው? ባብዛኛው አስጠኚ የተቀጠረለት ነው። ከትምህርት በኋላ ነዳጅ ማደያ ካሽ ሬጂስተር ላይ ቆሞ እናቱን የሚያግዘው አይደለም።

ጄሰን ካርተር ስሙን በራሱ ያሠራው በዚህ ክርክር ነው። ገንዘቡ ካነሰ ሀብታሙን ቤተሰብ እናስቀር፣ የገቢ ጣሪያ እናብጅለት አለ። አልተሳካለትም። ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም ምክር ቤት ይዘው ነበር፤ ያናሳው ወገን ሐሳብ ኮሚቴ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ጣሪያው አልመጣም። ሙሉ ክፍያው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአገረ ገዥ ኬምፕ ጊዜ፣ 3.0 ላመጡትም ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ በብድር የተመረቁት ልጆች ብድሩን እየከፈሉ ነው።

በሌላ በኩል ጄሰን የአያቱ ግልባጭ አልነበረም። ጂሚ ካርተር የሞት ቅጣትን በግልጽ ይቃወሙ ነበር፤ ጄሰን ግን ይደግፍ ነበር። በ2014 ሽጉጥ መጠጥ ቤትና ሌላ ብዙ ቦታ ይዞ መግባት የሚፈቅድ ሕግ ሲመጣ ጄሰን ‘እሺ’ ብሎ ድምፅ ሰጠ። የራሱ ፓርቲ ሰዎች ተናደዱ። እኔም ለራሴ አልዋጥልህ ያለኝ ይህቺ ናት። በዚያ ዓመት ለአገረ ገዥነት እየተወዳደረ ነበር፣ የገጠሩን ነጭ መራጭ እየፈለገ። ድምፁ ከእምነት ይሁን ከስሌት እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት። መራጩም ግን ጅል አይደለም፤ ሽጉጥ የሚወድ ሰው ሪፐብሊካኑን ይመርጣል እንጂ ቅጂውን አይመርጥም።

2014 ጆርጂያ ውስጥ የስም ዓመት ነበር። ዴሞክራቶቹ ለአገረ ገዥነት ካርተርን አቀረቡ። ለፌዴራሉ ሴኔት ደግሞ ሚሼል ነንን፤ የዝነኛው ሴናተር ሳም ነን ልጅ ናት። ሳም ነን ራሳቸው ደግሞ በዘር ወደ ኮንግረስማን ካርል ቪንሰን ይቆጥራሉ። ሚሼልን የገጠሟት ዴቪድ ፐርዱ ደግሞ የቀድሞው አገረ ገዥ ሰኒ ፐርዱ የአጎት ልጅ ናቸው። የዘመድ ጉባኤ ይመስል ነበር። የዴሞክራቶቹ ሐሳብ ግልጽ ነው። በ70ዎቹና በ80ዎቹ እነዚህን ስሞች የመረጠው የገጠር ነጭ፣ ስሙን ሲያይ ልቡ ይመለሳል ብለው ነው።

አልተመለሰም። ዲል 53 በመቶ ገደማ፣ ካርተር 45 በመቶ ገደማ። ነንም በተመሳሳይ ልዩነት ተሸነፈች።

የተሸወዱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ካርተር የሚለው ስም ልቡን የሚነካው ሰው አርጅቷል፤ ያረጀውም ፓርቲ ቀይሯል። ወጣቱ ደግሞ፣ ከኒውዮርክ ከካሊፎርኒያ ወደ አትላንታ የመጣው፣ ከሜክሲኮ ከኮሪያ ከኢትዮጵያ የመጣው፣ ‘ካርተር’ ሲባል ትዝ የሚለው ለድሃ ቤት የሚሠሩ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ደግነት ደግሞ ድምፅ አይሆንም። ስሙ ፍቅር እንጂ መራጭ አላመጣም።

በዚያው ጊዜ ከጄሰን ፊት ለፊት፣ በተወካዮች ምክር ቤት፣ የአናሳው መሪ ስቴሲ አብራምስ ነበረች። የሚታወቅ የቤተሰብ ስም የላትም። ሥራዬ ብላ የያዘችው ያልተመዘገበን መራጭ መመዝገብ ነበር፤ ጥቁሩን፣ ስደተኛውን፣ ወጣቱን። በ2018 ለዚያው ለአገረ ገዥነት ቀረበች። ከሁለት ሚሊዮን ጥቂት ባነሰ ድምፅ፣ 55 ሺህ ገደማ ሲቀራት ተሸነፈች። የጄሰን ልዩነት 200 ሺህ ገደማ ነበር። በ2022 ድጋሚ ሞክራ ልዩነቱ ሰፋ፤ ስለዚህ የሷንም መንገድ ተአምር አላደርገውም። ሆኖም ጆርጂያን ለዴሞክራቶች የከፈተው የዝነኛ ሰው የልጅ ልጅ አይደለም። በር ለበር የዞሩ ሰዎች ናቸው።

ጄሰን ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ጥብቅናው ተመለሰ። በኖቬምበር 2015 አያቶቹ ያቋቋሙት፣ በሰላም፣ በምርጫና በጤና ላይ የሚሠራው የካርተር ማዕከል የቦርድ ሊቀመንበር ሆነ። የዚያን ዓመት ኦገስት ላይ አያቱ ካንሰር እንዳለባቸው ተናግረው ነበር። ትክክለኛው ውርስ ይሄኛው ነው እላለሁ። የሴኔት ወንበር ማንም ለማንም አይሰጥም፤ መራጭ መሐል አለ። ማዕከሉ ግን ተሰጠ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ወደ እኛ የሚመጣው።

ከካርተር ጋር ያለን ሒሳብ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። በ1977 ፕሬዝዳንት እንደሆኑ ወዲያው በሰብዓዊ መብት ምክንያት ለደርግ የሚሰጠውን እርዳታ ቀነሱ፤ ደርግም አሜሪካኖቹን ከቃኘው ጣቢያ አባረረ። በማርች 1980 የፈረሙት የስደተኞች ሕግ ደግሞ በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ ለገባው ብዙ ወገናችን በር የከፈተ ነው። በሴፕቴምበር 1989 የደርግ መንግሥትና ሻዕቢያ አትላንታ ውስጥ፣ ማዕከሉ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ዶክተር አሻግሬ ይግለጡ የመንግሥቱን ልዑካን መሩ። ኖቬምበር ላይ ናይሮቢ ደገሙ። ምንም አልወጣውም። ከዚያ 2005 መጣ። ካርተር ለምርጫ ታዛቢነት አዲስ አበባ ገብተው በምርጫው ሰሞን የተናገሩትን መልካም ቃል ይቅር ያላለ ኢትዮጵያዊ ዛሬም ብዙ ነው። ኮሮጆ ምን እንደሆነ በገዛ ራሱ የደረሰበት ሰው፣ ሐዘኑ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ጤናው ላይ ግን ሌላ ወሬ ነው። አማራ ክልል ውስጥ ትራኮማ ዓይን ሲያጠፋ ኖሯል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። ሴቶች ፀጉሩን በወረንጦ ሲነቅሉ ማየት የለመደ ያውቀዋል። ማዕከሉ ከላየንስ ክለብና ከጤና ቢሮው ጋር ሆኖ መድኃኒት ማደል፣ ፊት ማስታጠብ፣ መፀዳጃ ማስቆፈር ያዘ። ገበሬው ጉድጓድ የሚቆፍረው በራሱ ዶማ ነው። ጂሚ ካርተር በመፀዳጃ ቤት ታዋቂ መሆናቸውን እየቀለዱ ይኮሩበት ነበር። በ2007 ደግሞ ማዕከሉ ሦስት ሚሊዮን የአልጋ አጎበር እንዲገዛ ረድቷል። አልጋው ላይ ያን አጎበር የሰቀለ ሰው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አልጠየቀም፤ ለምን ይጠይቅ?

ጊኒ ዎርም የሚባለው የትል በሽታ ግን የማዕከሉ ትልቁ ጉዳይ ነው። በ1986 በዓለም ላይ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ተኩል ሰው ይይዘው ነበር። ጄሰን በካቴድራሉ የጠቀሰው ቁጥር 14 ነው። አሥራ አራት ሺህ አይደለም፤ አሥራ አራት ሰው። ክትባት የለውም፣ ፍቱን መድኃኒትም የለውም። ሰው የኩሬ ውሃ ይጠጣል፤ ከዓመት በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ትል ከእግሩ ቆዳ ሥር ብቅ ይላል። በእንጨት እየጠመጠሙ ቀስ በቀስ፣ ቀናት ሳምንታት ወስዶ ያወጡታል። ቢበጠስ ይብሳል። የሚያቃጥለውን እግሩን ለማብረድ ኩሬ ከገባ ደግሞ ትሉ እጮቹን እዚያ ይረጫል፤ ዙሩ ይቀጥላል። መፍትሔው ጨርቅ ነው፤ ውሃ ማጥለያ ጨርቅ። ሜዳ ለሚውል ሰው ደግሞ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ማጥለያ ያላት ቱቦ።

ኢትዮጵያ ትሉ ገና ካልጠፋባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ቀሪው ነገር ያለው ጋምቤላ ውስጥ፣ በተለይ ጎግና አቦቦ ወረዳ ነው። የመጨረሻው ጣጣ እንስሳ ነው። ትሉ ውሻ ላይ፣ ድመት ላይ፣ ዝንጀሮ ላይ ተገኘ። ዝንጀሮን ውሃ አጥልለህ ጠጣ አትለው! ስለዚህ የጤና ሠራተኛው ኩሬውን በመድኃኒት ያክማል፣ ለጠቆመ ሰው ሽልማት ይሰጣል፣ ውሻ ይታሰር ብሎ ቤት ለቤት ይዞራል።

አሜሪካ በ2025 ዩኤስኤይድን ዘግታለች፤ ከዓለም ጤና ድርጅትም እንደምትወጣ በዚያው ዓመት አስታወቀች። እንዲህ ባለ ጊዜ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ትሎች ማሳደድ ከመጀመሪያዎቹ ሚሊዮኖች ይከብዳል። ገንዘብ ሰጪው “ለአሥር ሰው ይሄ ሁሉ?” ብሎ ይጠይቃል፤ ትሉ ደግሞ አንድ ኩሬ ውስጥ ከተረሳ ይመለሳል። ጆርጂያ በ2026 አዲስ አገረ ገዥ ትመርጣለች። ኬምፕ በሕጉ ድጋሚ መቅረብ አይችሉም። የጄሰን ስም እንደልማዱ ተነሳ፤ እሱ ግን አልገባበትም። ‘ካርተር’ የሚለው ስም ዲኬተር ላይ አስመርጦታል፤ ጆርጂያ ላይ አላስመረጠውም። ጎግ ውስጥ ደግሞ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ገበሬ ማለዳ ተነስቶ ውሻውን ያስራል፤ ቱቦዋን አንገቱ ላይ ያንጠለጥልና ወደ ማሳው ይወርዳል።